መጽሐፉን በእጃችን ስናነበው

ባለፉት ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ በሰፈራችን በኩል ያለፈ ሰው ግራ ሳይጋባ አልቀረም። ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ክብ ሠርተው መሬት ላይ ይቀመጡና አንዲት ባለአምስት ሊትር ጀሪካን እየተቀባበሉ ይንጣሉ። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዷ መጽሐፍ ይዛ ታነባለች፣ ሌላው ደግሞ «ደረሰ? ደረሰ?» እያለ ጆሮውን ጀሪካኑ ላይ ይለጥፋል። «እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?» ብለው የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። መልሱ አጭር ነው፤ ልጆቹ እያነበቡ ነው። ረዘም ያለውን መልስ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ እዚህ ካኩማ የልጆች የንባብ ክበብ የምናስተባብር ጥቂት ወላጆችና ወጣቶች ነን። ክበቡ ሲጀመር እንደማንኛውም ክበብ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ያነባል፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ፣ በመጨረሻም «ምን ተማራችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ። እውነቱን ለመናገር አልሆነልንም። በሦስተኛው ሳምንት ግማሾቹ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። የቀሩትም ጥላ ፈልገው የቀሩ ይመስለናል። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በውስጡ ያለውን በረዶ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ድብና ተኩላ ልጆቹ አይተውት ስለማያውቁ ቃሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በዚህ ስንጨነቅ ነው ከክበቡ ወጣቶች አንዷ «ለምን እነሱ የሚሠሩትን እኛም አንሠራም?» ያለችን።

ስለ መጽሐፉ ጥቂት

በስጦታ ከመጡ መጻሕፍት መካከል በርከት ብለው ያገኘናቸው የላውራ ኢንግልስ ዋይልደር መጻሕፍት ነበሩ። ላውራ እ.ኤ.አ. በ1867 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፔፒን በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተወለደች። ወላጆቿ አቅኚዎች ከሚባሉት፣ አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ከሚጓዙት ቤተሰቦች አንዱ ነበሩ። በ1862 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ አምስት ዓመት ለኖረበት ሰው 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር። ይህ ወደ 65 ሄክታር ይጠጋል። በድሮው የአገራችን አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ልጆቹ ጋሻ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ በኳስ ሜዳ አሰላንላቸው፤ ወደ 90 የኳስ ሜዳ ሆነ። «ለአንድ ሰው?» ብለው ጮኹ።

ላውራ የልጅነቷን ታሪክ መጻፍ የጀመረችው ካረጀች በኋላ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1932 ሲታተም 65 ዓመቷ ነበር። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ትንሹ ቤት በትልቁ ጫካ» እንደማለት ነው። በ1935 «ትንሹ ቤት በሜዳው ላይ»፣ በ1940 ደግሞ «ረጅሙ ክረምት» ወጡ። ላውራ በ1957 በ90 ዓመቷ አረፈች። እኛ ከየመጽሐፉ ምዕራፍ እየመረጥን በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ በአማርኛ እንተርካለን፣ ከዚያ ወደ ሥራ እንገባለን።

ቅቤው

የመጀመሪያው ሥራችን ቅቤ መናጥ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ የላውራ እናት ሐሙስ ሐሙስ ከእንጨት በተሠራ ረጅም መናጫ ቅቤ ትንጣለች። በብርዱ ወራት ቅቤው ስለሚነጣባት ካሮት ፍቃ፣ በወተት አሙቃና ጨምቃ ቢጫ ቀለም ትሰጠዋለች። ይህን ስናነብ አንዱ ልጅ «ቅቤ ከሱቅ አይደል እንዴ የሚመጣው?» አለ። አይፈረድበትም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ላም ስትታለብ አይቶ አያውቅም።

በመዋጮ ሦስት ሊትር የላም ወተት ገዛን። አፈላነው፣ አቀዘቀዝነው፣ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምረን አረጋነው። ሲረጋ ባለሦስት ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ሞላንና ልጆቹ ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቁት ጀመር። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፤ ምንም የለም። ልጆቹ ደከሙ፣ እኛም አፈርን።

ከአጥሩ ውጭ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እናት ነበረች። ከዚህ በፊት ግቢ ስንላት «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ከመጽሐፍ ጋር ምን አገናኘኝ?» እያለች እዚያው ቆማ ነበር የምትመለሰው። በዚያ ቀን ግን አላስቻላትም። «ኧረ በሞቴ! እንደሱ አይናጥም!» ብላ ገባች።

መጀመሪያ እርጎውን ወደ ባለአምስት ሊትሩ ጀሪካን አስገለበጠችን። «አየር ከሌለው ምኑ ይጋጫል?» አለች። ቀጥላ እርጥብ ጨርቅ አምጡ አለችና ጀሪካኑን ጠቀለለችው፤ ሙቀት ከበዛ ቅቤው ቀልጦ አይሰበሰብም። ጭኗ ላይ አጋድማም በዝግታ፣ ሳታቋርጥ ወዲያና ወዲህ ትንጠው ጀመር። በየመሀሉ ክዳኑን ከፈት እያደረገች የታመቀውን አየር ታስወጣለች። ልጆቹን አንድ በአንድ እያስጠጋች «ድምፁን ስሙ፤ አሁን ወፍራም ነው፣ ሲደርስ ይቀጥናል» ትላቸዋለች። እውነትም አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። ሲከፈት ቢጫ ቢጫ ፍርፋሪ ከላይ ተንሳፏል። በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ስትሰበስበው አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም። አሬራውን ደግሞ ለስ ባለ እሳት አሙቀን አይብ አወጣን። አጓቱም አልተጣለም፣ የጠጡት አሉ።

ልጇ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያያት ቆየና «እማዬ፣ መጽሐፉን አንብበሽው ነው እንዴ?» አላት። «የምን መጽሐፍ ልጄ፣ የእናቴ ቤት እኮ ነው» አለችው። ከዚያም የእናቷ ቤት የት እንደነበር፣ ስንት ላም እንደነበራቸው፣ መናጫው ቅል በምን እንደሚታጠን ጠየቃት። እስከዚያን ቀን ድረስ ጠይቋት አያውቅም ነበር። እሷም በበነጋው ቅዳሜ ከአጥሩ ውጭ አልቆመችም።

ለእኛ የክበቡ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። መጽሐፉ ስለ ሩቅ አገርና ስለ ሩቅ ዘመን ነው ብለን ነበር የጀመርነው። በውስጡ ያለው የእጅ ሥራ ግን እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያውቁት ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ያነባሉ፣ ሥራውን አያውቁትም። ወላጆች ሥራውን ያውቃሉ፣ እንግሊዝኛውን አያነቡትም። ሁለቱ በአንድ ጀሪካን ዙሪያ ሲቀመጡ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ይሆናል።

የቆረቆንዳ አሻንጉሊት

ላውራ ትንሽ ሳለች አሻንጉሊቷ በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር። ስምም አውጥታለት ነበር፤ ሱዛን ትላታለች። ይህ ሥራ ምንም ወጪ የለውም። ልጆቹ የተጠበሰ በቆሎ ከሚሸጥበት አካባቢ ቆረቆንዳ ለቅመው አጠቡና ፀሐይ ላይ አደረቁ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጠን። ፊቱን በከሰል ሳሉት። ወንዶቹ መጀመሪያ «ይሄ የሴት ነው» ብለው አኩርፈው ነበር። በኋላ ግን እረኛ፣ ወታደርና የኳስ ተጫዋች ሠርተው ዋሉ። እያንዳንዱ ልጅ ለአሻንጉሊቱ ስም ሰጥቶ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ አምስት መስመር ጻፈ። «ስለ ራሳችሁ ጻፉ» ስንላቸው ወረቀቱን ባዶ ይመልሱልን የነበሩ ልጆች ስለ አሻንጉሊታቸው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈዋል።

ጋሪው

አቅኚዎቹ የሚጓዙት በሸራ በተሸፈነ ጋሪ ነው። ብዙውን ጊዜ የጋሪው ወለል ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ነበር። ይህን ያህል በገመድ ለክተን መሬት ላይ በአመድ አሰመርን። አምስት ልጆች እንደ ላውራ ቤተሰብ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ዕቃ በዕቃ የተጻፈባቸው ካርቶኖች ሰጠናቸው። ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ መጥረቢያ፣ ጠመንጃ፣ ዘር፣ መጽሐፍ፣ አሻንጉሊት፣ የአባትየው ቫዮሊንም አለ። ሁሉም አይገባም፣ ምረጡ አልናቸው።

ክርክሩ ሌላ ነበር! አንዱ «ቫዮሊን አይበላም፣ ይውረድ» ሲል አንዷ «ማታ ማታ ምን ሊያደርጉ ነው ታዲያ?» ብላ ሞገተችው። በመጽሐፉ አባትየው ቫዮሊኑን ይዞ ነው የሚሄደው። እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ መሆኑን ስንነግራቸው ቫዮሊኑን የሚደግፉት በዙ።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ካርቶን አላነሳችም። በሚቀጥለው ሳምንት በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። «እናቴ ስትመጣ ይሄን ብቻ ነው የያዘችው» አለችን። ፎቶው ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅናትም፤ ራሷ ነገረችን። ይህን የምናነሳው ለማስጠንቀቅ ጭምር ነው። ይህን ጨዋታ የምትሞክሩ ሁሉ «አንተስ ስትመጣ ምን ያዝክ?» ብላችሁ ልጅን አትጠይቁ። የሚናገረው ካለ ራሱ ይናገራል።

ረጅሙ ክረምት

እዚህ ላይ ክረምት ስንል የኛን የዝናብ ክረምት ሳይሆን የእነሱን የበረዶ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1880 ጀምሮ እስከ 1881 ድረስ የላውራ ቤተሰብ በዳኮታ፣ ደ ስሜት በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። በረዶው ሐዲዱን ስለደፈነው ባቡር ቆመ። ባቡር ሲቆም ዱቄትና የድንጋይ ከሰል አለቀ። ቤተሰቡ ድርቆሽ እየጠመዘዘ ያነድ፣ ስንዴውን በቡና መፍጫ እየፈጨ ዳቦ ይጋግር ነበር። ልጆቻችን ይህን ምዕራፍ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «የራሽን መኪና ሲቀር ማለት ነው» አሉ።

በሙቀጫና በዘነዘና አንድ ኩባያ ስንዴ ወቀጥን። ሰዓት ይዘን ተራ በተራ ስንወቅጥ ሩብ ሰዓት ሙሉ ለፍተን ያገኘነው ግማሹ ክክ፣ ግማሹ ዱቄት ነበር። «እነሱ በዚህ ለስድስት ሰው?» አሉ ልጆቹ። ቀጥሎ ሣር ጠምዝዘን ጠበቅ ያለ እንጨት መሰል ነገር ሠራን። ያልተጠመዘዘ ሣር ቦግ ብሎ ወዲያው ሲጠፋ የተጠመዘዘው ቀስ ብሎ ይነዳል። ለምን ቢባል አየር እንደልብ ስለማያገኝ ነው። ይህን ያደረግነው ግን ከቤቶች ርቀን፣ አንድ ባልዲ ውሃና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ነው።

በሌላኛው መጽሐፍ ደግሞ ቤተሰቡ ሚኒሶታ ሳለ አንበጣ ሰብሉን ጠራርጎ ሲበላበት ይነበባል። ይህ በ1870ዎቹ አጋማሽ የደረሰ እውነተኛ መቅሠፍት ነው። የሚገርመው ያ የአንበጣ ዝርያ ከ1902 ወዲህ በሕይወት ተገኝቶ አያውቅም። የእኛዎቹ ግን ሌላ ዝርያ መሆናቸውን በ2020 ቱርካናን ሲወርሩ ያየን ሁሉ እናስታውሳለን። ትልልቆቹ ልጆች ያዩትን ሳሉ፣ ትንንሾቹ ወላጆቻቸውን ጠይቀው መጡ።

መሬቱ የማን ነበር?

ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። «ትንሹ ቤት በሜዳው ላይ» የሚተርከው ቤተሰቡ ካንሳስ ውስጥ ቤት ስለሠራበት ጊዜ ነው። በእውነተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1869 ሄደው በ1871 ተመልሰዋል። ቤቱን የሠሩበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ኦሴጅ የተባለው፣ በአማርኛ በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ከምንጠራቸው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው ሕዝብ ርስት ነበር። ለሰፋሪም ገና አልተፈቀደም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦሴጆች ከካንሳስ ለቀው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር እንዲሄዱ ተደረጉ። መጽሐፉ ስለ እነሱ የሚናገርበት መንገድ ብዙዎችን አሳዝኗል። በመጀመሪያው እትም በዚያ ሜዳ ላይ ሰው እንዳልነበረ፣ ሕንዶች ብቻ እንደነበሩ የሚል አነጋገር ነበረበት፤ ሕንዶቹ ሰው ያልሆኑ ያህል። በ1952 አንዲት አንባቢ በደብዳቤ ስላመለከቱ አሳታሚው ቃሉን አስተካከለው። በላውራ ስም ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ የሕፃናት መጻሕፍት ሽልማትም በ2018 ስሙ ተለውጧል።

ታዲያ መጽሐፉን እንተወው? ተወያየንበትና አንተወውም፣ ግን ሌላውን ወገንም እናንብብ አልን። የኦጂብዌ ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ሉዊዝ ኤርድሪች በ1999 ያሳተመችውን መጽሐፍ አገኘን። ርዕሱ «የበርች ቅርፊት ቤት» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሱፔሪየር በሚባለው ትልቅ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ስለምትኖር ኦማካያስ ስለምትባል የኦጂብዌ ልጅ ይተርካል። ቤተሰቧ በጋ ሲመጣ ከበርች ዛፍ ቅርፊት ቤት ይሠራል፣ እሷ ከበቆሎው ማሳ ወፍ ትጠብቃለች፣ በኋላም ፈንጣጣ ይገባባቸዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «እኛ እንደ ላውራ ነን ወይስ እንደ ኦሴጆቹ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን። አንዷ «ላውራ ወዳ ነው የሄደችው፣ እኛ ወደን አልመጣንም» አለች። ሌላው ቀበል አድርጎ «ግን እኛም የቱርካናዎቹ አገር ላይ ነን» አለ። የሁለቱም እውነት ነው። ካኩማ መጠለያ ጣቢያ በ1992 ሲቋቋም አገሩ ባለቤት ነበረው።

መልሱን ከራሳችን ከምናወጣ አንዲት ማገዶ የሚሸጡልን የቱርካና እናት ጋበዝን። በቱርካና ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እኚህ እናት ቅርንጫፍ መሬት ላይ በክብ ተክለው፣ አጉብጠው፣ ጫፍ ለጫፍ ሲያስሩት ልጆቹ በቁመታቸው ልክ አንድ ጎጆ አብረዋቸው ሠሩ። ከዚያ የላውራን ታሪክ በስዋሂሊ ነገርናቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ቤቱን ሲሠሩ ባለአገሩን ጠይቀዋል?» ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና «አልጠየቁም» አሉ። እናትየው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህ ሁሉን ነገር ፈታ አንልም። በማገዶና በውሃ የሚነሳው ግጭት በአንድ ጎጆ አያልቅም። ግን ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን እኚያን እናት በመንገድ ሲያገኟቸው «ኤጆካ» ብለው በቋንቋቸው ሰላም ይሏቸዋል። ሁለት የቱርካና ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ያነባሉ።

ለመጀመር ለምታስቡ

በሌላ ሰፈር ያላችሁ «እኛስ እንዴት እንጀምር?» ላላችሁን፣ ከስህተታችን የተማርነውን እነሆ፤

1. በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍና አንድ ሥራ ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ይነበብ፣ ቀጥሎ ይሠራ፣ በመጨረሻ ያው ምዕራፍ በድጋሚ ይነበብ። ሁለተኛው ንባብ ላይ የልጆቹን ፊት ተመልከቱ።

2. ከቤተሰብ ራሽን አትንኩ። ልጅ ከቤቱ ዱቄት ይዞ ይምጣ አይባል። ምግብ የሚነካ ሥራ በመዋጮ ወይም በጥቂቱ ይሁን።

3. እሳት፣ ቢላና የፈላ ነገር ያለ ትልቅ ሰው አይነካ። ወተት ሳይፈላ አይቀመስ።

4. አንድ መጽሐፍ ብቻ ካላችሁ አትጨነቁ። አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይተርክ፣ አንዱ ይሳል። መጽሐፍ ጨርሶ ከሌለ የአንድ አዛውንት ትረካ ምዕራፍ ይሆናል።

5. ከሥራው በፊት «ይህን የሚያውቅ ማን አለ?» ብላችሁ በሰፈሩ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ጀምረን ነው ግማሽ ሰዓት በከንቱ የናጥነው።

6. አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በየሳምንቱ አንድ ልጅ የተሠራውን፣ ያስተማረውን ሰውና ያ ሰው ከየት አገር እንዳመጣው ይጻፍበት። የእኛ ደብተር አሁን ከመጽሐፉ ይልቅ በልጆቹ ይፈለጋል።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች የምናነበው ላውራና ቤተሰቧ ሚኒሶታ ውስጥ በወንዝ ዳር ከመሬት ተቆፍሮ፣ ጣሪያው በሣር በተሸፈነ ቤት ስለኖሩበት ጊዜ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳ መምረግ የሚያውቅ አባት ወይም አጎት እንፈልጋለን። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ማንበብም ግድ አይደለም። ልጆቹ ያነቡላችኋል፣ እናንተ ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት ትነግሯቸዋላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንጠብቃችኋለን።

መልካም ንባብ፣ መልካም ሥራ!